በሁለት ነጥብ መካከል ያለ ዳገት

ሸዋ ሮቢት ላይ ሽንኩርት ወይም ማሾ የጫነ አይሱዙ ወደ አዲስ አበባ ሲነሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማ በር ዋሻ አፍ ሲደርስ ከፍታው ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ አጭር መንገድ ሾፌሩ ሹራብ ይደርባል፣ ረዳቱ መስኮት ይዘጋል። ከሁለቱ በላይ የአየሩ ለውጥ የሚከብደው ግን ሞተሩን ነው፤ በእያንዳንዱ መታጠፊያ የሚስበው አየር እየሳሳ፣ የሚጠየቀው ጉልበት ግን እየጨመረ ይሄዳል።

መሳሳቱን በቁጥር እንየው። መደበኛው የከባቢ አየር ቀመር በሸዋ ሮቢት ከፍታ 869 ሚሊባር፣ በዋሻው ከፍታ 683 ሚሊባር ግፊት ይሰጠናል። እውነተኛው ንባብ እንደ ቀኑ ጥቂት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ልዩነቱ ግን ከ20 ከመቶ ብዙም አይርቅም። ታች ሙቀቱ 30 ዲግሪ፣ ላይ 12 ዲግሪ ነው እንበል። አንድ ሜትር ኩብ አየር ሸዋ ሮቢት ላይ አንድ ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ጣርማ በር ላይ 840 ግራም ገደማ። ግፊቱ በ21 ከመቶ ሲወርድ የአየሩ ክብደት የቀነሰው በ16 ከመቶ ነው። ቀሪውን ብርዱ መልሶታል፤ የቀዘቀዘ አየር ይጠጋጋልና። ስለዚህ ለሞተር ግፊት ብቻውን ወይም ሙቀት ብቻውን በቂ መረጃ አይደለም።

ቱርቦ የሌለው ባለ 3 ሊትር ሞተር በደቂቃ 2,000 ዙር ሲዞር፣ በየሁለት ዙሩ አንዴ ስለሚስብ፣ ሲሊንደሮቹ በደንብ ከሞሉ በደቂቃ 3,000 ሊትር አየር ያስገባል። ያ አየር ሸዋ ሮቢት ላይ 3 ኪሎ ነው፤ ዋሻው አፍ ላይ 2.5 ኪሎ። የሚረጨው ናፍታ ካልተቀነሰ ግማሽ ኪሎ አየር የጎደለበት ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ሳይነድ በጥቁር ጭስ መልክ ይወጣል። ከኋላ ለሚከተል ሾፌር ይህ ጭስ እንግዳ አይደለም።

የድሮ መኪናዎች ለዚህ ችግር የነበራቸው መልስ ድፍን ነበር። ጣልያን ዋሻውን በወረራው ዘመን ሲቆፍር በዚያ መንገድ የወጣው ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ከፍታን የሚያውቅ ኮምፒውተር አልነበረውም። ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ በዝግታ ይወጣል፤ ጭሱንም ይችላል። ካርቡሬተር ያላት ኮሮላ ዲኤክስም ከቆላ ወደ ደጋ ስትወጣ ነዳጅ ይበዛባታል። የካርቡሬተር ነዳጅና አየር የሚመጣጠኑት በአየሩ ክብደት ስኩዌር ሩት ልክ ስለሆነ፣ ከላይ ባየነው ለውጥ ድብልቁ ወደ 9 ከመቶ ይወፍራል። መካኒኩ ደጋው ደብረ ብርሃን ላይ ቢያስተካክላት ሸዋ ሮቢት ስትወርድ ነዳጅ ያንሳታል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ቢያስተካክላት ላይ ስትወጣ ይበዛባታል። በገጠር መንገዳችን እስከ ዛሬ የሚያገለግለው የላንድክሩዘሩ ዋን ኤችዜድ ሞተር ደግሞ ለከፍታ ተብሎ በተሠራው ዓይነቱ፣ ናፍታ ፓምፑ ላይ አየር ሲሳሳ የሚነፋ የታሸገ የብረት ከረጢት አለው። ከረጢቱ ሲነፋ ዘንግ ይገፋል፤ ዘንጉ ናፍታውን ይቀንሳል። ብልህ ሥራ ነው። ነገር ግን የሚያውቀው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ከፍታውን ከዙሩ፣ ከሙቀቱና ከሾፌሩ እግር አረጋገጥ ጋር አንድ ላይ አይመዝንም።

ይህን ሁሉ አንድ ላይ መመዘን የመጣው ከማፕ ጋር ነው። ማፕ ማለት ኢሲዩ በሚባለው የሞተሩ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ማስታወሻ ውስጥ የተቀመጠ የቁጥር ሰንጠረዥ ነው። አግድም የሞተሩ ዙር ይደረደራል፣ ቁልቁል የጭነቱ መጠን ወይም የፔዳሉ አረጋገጥ፤ በየመገናኛቸው አንድ ቁጥር አለ። ያ ቁጥር በአንዱ ማፕ የሚረጨው ናፍታ ነው፣ በሌላው የሚረጭበት ቅጽበት፣ በሌላው የቱርቦው ግፊት። ቦሽ በ1967 እ.ኤ.አ. ዲ ጄትሮኒክ የተባለውን የኤሌክትሮኒክስ የነዳጅ መርጫ በቮልስዋገን ላይ አወጣ፤ በ1979 እ.ኤ.አ. በቢኤምደብሊው 732 ላይ የወጣው ሞትሮኒክ ግን መርጨቱንና ማቀጣጠሉን በአንድ ዲጂታል ሳጥን ውስጥ አጣመረ። ለናፍታ ትልቁ ለውጥ የመጣው ዴንሶ በ1995 እ.ኤ.አ. በሂኖ የጭነት መኪና ላይ ኮመን ሬይልን ለገበያ ሲያውል ነው። ዛሬ ጣርማ በርን የሚወጣው አብዛኛው አዲስ የናፍታ መኪና ሰንጠረዥ ይዞ ነው የሚወጣው።

ሰንጠረዡ ግን ትንሽ ነው፤ የዚህ ምዕራፍ ነገርም ከዚህ ይጀምራል። በተለመደ ማፕ ዙሩ በ16 ነጥብ፣ ጭነቱም በ16 ነጥብ ይከፈላል፤ በድምሩ 256 ቁጥር። ሞተሩ በደቂቃ ከ700 እስከ 4,000 ዙር በየትኛውም ፍጥነት ሊዞር ይችላል፤ ፔዳሉም ከዜሮ እስከ መቶ የትም ሊቆም ይችላል። ለምን ሁሉም አይሞላም? በ4,000 ዙርና በ100 የፔዳል ደረጃ አንድ ማፕ 400,000 ቁጥር ይፈልጋል። እያንዳንዱን ሞተሩን ዳይናሞሜትር ላይ አስሮ ለመለካት አንድ ደቂቃ ብቻ ቢወስድ፣ ሌሊትና ቀን ሳያቋርጡ ወደ 278 ቀን ነው። አሥር ዓይነት የአየር ግፊት ቢጨመርበት ከሰባት ዓመት በላይ ይሆናል። ማንም ይህን አይለካም። መሐንዲሶቹ የሚለኩት የተመረጡ ጥቂት ነጥቦችን ነው። በመካከላቸው ያለውን ሞተሩ በሥራ ላይ እያለ ራሱ ያሰላዋል። ይህ ስሌት ኢንተርፖሌሽን ይባላል፤ እኔ ከዚህ በኋላ የመሀል ስሌት እለዋለሁ።

አሠራሩ ከስሙ ይቀላል። ለማሳያ ብቻ የወሰድኳቸውን ቁጥሮች እንያዝ። ፔዳሉ 60 ከመቶ ሲረገጥ በ1,600 ዙር የሚረጨው 40 ሚሊ ግራም ናፍታ ነው፤ በ2,000 ዙር 44 ሚሊ ግራም። ፔዳሉ 80 ከመቶ ሲሆን ደግሞ በ1,600 ዙር 50፣ በ2,000 ዙር 58 ሚሊ ግራም። አሁን መኪናው ከአርማንያ በላይ ዳገቱን ተያይዞታል፤ ሞተሩ 1,700 ዙር፣ ፔዳሉ 70 ከመቶ ላይ ነው። ማፑ ውስጥ 1,700 የለም፣ 70ም የለም።

ኢሲዩው መጀመሪያ ዙሩን ያያል። 1,700 ከ1,600 ወደ 2,000 በሚወስደው መንገድ ሩቡ ላይ ነው። ስለዚህ በ60 ከመቶው መስመር ከ40 ወደ 44 ሩቡን ይሄዳል፤ 41 ያገኛል። በ80 ከመቶው መስመር ከ50 ወደ 58 ሩቡን ሲሄድ 52 ያገኛል። ቀጥሎ ፔዳሉን ያያል፤ 70 በ60 እና በ80 እኩሌታ ላይ ነው። የ41 እና የ52 እኩሌታ 46.5 ሚሊ ግራም ነው። ያ ይረጫል። ስሌቱ ሌላ የለውም። ቅደም ተከተሉን ገልብጠን ከፔዳሉ ብንጀምርም ውጤቱ ያው 46.5 ነው። አራቱ የማዕዘን ነጥቦች በየቅርበታቸው ድምፅ ሰጥተዋል ማለት ይቻላል፤ የ1,600 ዙር ነጥቦች ሦስት ሩብ፣ የ2,000 ዙሮቹ ሩብ ክብደት አግኝተዋል።

የመሀል ስሌቱ ባይኖርስ? ከጣርማ በር ወደ ይፋት ቁልቁል ሲታይ የተራራው ጎን በእርከን የተቆረጠባቸው ቦታዎች አሉ፤ ማሳው ለጥ ይላል፣ ካቡ ላይ ድንገት ይወርዳል፣ እንደገና ለጥ ይላል። በቅርብ ያለውን ነጥብ ብቻ የሚወስድ ኢሲዩ ማፑን እንደዚያ እርከን ይሄድበታል። ፔዳሉ 69 ከመቶ ላይ ሳለ 40 ሚሊ ግራም ይረጭና፣ 71 ሲደርስ በአንድ ጊዜ ወደ 50 ይዘላል። ሾፌሩ በእግሩ የጨመረው ሁለት ከመቶ ነው፤ ናፍታው የጨመረው ግን ሩብ ያህል ነው። የተጫነ መኪና በመታጠፊያ ላይ እንዲህ ቢወረወር ጊርቦክሱም፣ ጭነቱም፣ ጎማውም ይጎዳል። የመሀል ስሌት እርከኑን አፍርሶ ተዳፋት ያደርገዋል። ሾፌሩ ሞተሩ እግሩን ተከትሎ እየጨመረ እንደሄደ የሚሰማው በዚህ ስሌት ምክንያት ነው።

ከኮምፒውተር በፊት ይህን ተዳፋት በብረት የሠሩ ሰዎች ነበሩ። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የፖርሽ 911 የነዳጅ ፓምፕ ውስጥ ጎርበጥባጣ ቅርጽ ያለው ትንሽ የብረት ካም ነበር። ሞተሩ ሲፈጥን ካሙ በርዝመቱ ይንሸራተታል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ይዞራል፤ ገጹን የሚዳስስ ጣት ነዳጁን ይወስናል። ያ ካም ከብረት የተቀረጸ ማፕ ነው። ገጹ ያልተቋረጠ ስለሆነ የመሀል ስሌት አያስፈልገውም፤ በሁለት ነጥቦች መካከል ብረቱ ራሱ አለ። እኔ ከጥንቱ የሞተር ጥበብ ሁሉ በጣም የምወደው ይህን ዕቃ ነው። ድክመቱ አንድ ቁጥር ለመለወጥ ካሙን እንደገና መቅረጽ ማስፈለጉ ነው።

ስሌቱ ራሱ ከሞተር እጅግ የቆየ ነው። በሁለተኛው ምዕተ ዓመት በእስክንድርያ የኖረው በጥሊሞስ በአልማጀስት መጽሐፉ የክብ ገመዶችን ርዝመት በየግማሽ ዲግሪው አስልቶ ሰንጠረዥ አዘጋጀ። ከጎኑም በግማሽ ዲግሪ መካከል ለሚወድቁ ማዕዘኖች በየደቂቃው ምን ያህል እንደሚጨመር የሚነግር ሌላ ዓምድ አስቀመጠ። ከካልኩሌተር ዘመን በፊት የተማሩ አንባቢዎቼም በሒሳብ መጽሐፋቸው ጀርባ የነበረውን የሎጋሪዝም ሰንጠረዥ ያስታውሱታል። የሚፈልጉት ቁጥር ሰንጠረዡ ውስጥ ሲጠፋ የላዩንና የታቹን ወስደው ልዩነቱን ያካፍሉ ነበር። አይሱዙው ዳገቱን ሲወጣ የሚሠራው ያንኑ ነው። ልዩነቱ ፍጥነቱ ላይ ነው፤ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በ2,000 ዙር በሰከንድ ከ66 ጊዜ በላይ ነዳጅ ይረጫል፣ በየ15 ሚሊ ሰከንዱ አንዴ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ብዙ ማፖች ተነበው፣ ተሰልተውና ተባዝተው ማለቅ አለባቸው።

የመጀመሪያዎቹ ኢሲዩዎች ይህን ሲያደርጉ አስርዮሽ ቁጥር አያውቁም ነበር። «ሩብ» የሚለውን ከ256 እጅ 64 እጅ ብለው ይይዙታል፤ ለ256 ማካፈል ለኮምፒውተር ቁጥሩን ስምንት ቤት ወደ ቀኝ መግፋት ብቻ ስለሆነ ጊዜ አይፈጅም። የነጥቦቹ ርቀት እኩል ባልሆነበት ማፕ ደግሞ ሞተሩ አሁን በየትኛዎቹ ሁለት ነጥቦች መካከል እንዳለ መፈለግ ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ ፍለጋው የሚጀመረው ባለፈው ከተገኘበት ቦታ ነው፤ ሞተር በ15 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ሩቅ አይሄድምና።

አሁን ወደ ዳገቱ እንመለስ። ለከፍታ ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው ባለ አንድ መስመር ሰንጠረዥ ነው፤ በአንድ በኩል የአየር ግፊት፣ በሌላው የሚፈቀደው የናፍታ ጣሪያ። አሁንም ለማሳያ ያህል፣ በ900 ሚሊባር 100 ከመቶ፣ በ800 ላይ 92፣ በ700 ላይ 80፣ በ600 ላይ 64 ከመቶ እንበል። ሸዋ ሮቢት 869 ላይ ስለሆነች በ800 እና በ900 መካከል ናት፤ ስሌቱ 97.5 ከመቶ ይሰጣታል። ዋሻው በ683 ከ700 በታች ወርዷል፤ 77.3 ከመቶ ያገኛል። ሾፌሩ «መኪናው ጉልበት አጣ» የሚለው ይህንን ነው። መኪናው አልታመመም። ሊነድ የማይችለውን ናፍታ አልረጭም ብሏል።

ቱርቦ ያለበት ሞተር ላይ ነገሩ ይከብዳል። ቱርቦው ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገፋውን አየር 2,000 ሚሊባር እንዲያደርስ ተጠየቀ እንበል። ሸዋ ሮቢት ላይ የውጩን አየር 2.3 እጥፍ ማመቅ አለበት፤ ጣርማ በር ላይ 2.9 እጥፍ። ይህን ለማድረግ ተርባይኑ ይበልጥ መፍጠን አለበት፤ አለልክ ከፈጠነ ደግሞ ዘንጉና ምላጮቹ አይችሉትም። ስለዚህ ከፍታው ሲጨምር የሚፈለገውን የቱርቦ ግፊት የሚቀንስ ሌላ ሰንጠረዥ አለ። እዚህ ላይ የመሀል ስሌቱ የሚጠብቀው ብረትን ነው፤ የነጥቦቹ አቀማመጥም ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

የመሀል ስሌት ሁልጊዜ ቀጥታ መስመር ነው የሚያሰምረው። ተፈጥሮ ግን ቀጥታ መስመር አትወድም። የአየር ግፊትን ራሱን ፈተና እናድርገው። ታች 869፣ ላይ 683 ካወቅን የእኩሌታውን ከፍታ፣ 2,240 ሜትርን፣ በመሀል ስሌት ብናወጣ 776 ሚሊባር እናገኛለን። ቀመሩ ግን 772 ይላል፤ በአራት በልጠናል። ነጥቦቹን አርቀን ከጅቡቲ ባሕር ዳርቻና ከጣርማ በር ብንወስድስ? እኩሌታው 1,600 ሜትር ነው፤ ስሌቱ 848 ይላል፣ እውነቱ 835 ነው። አሁን ስሕተቱ 13 ሆነ። የነጥቦቹ ርቀት እጥፍ እንኳ ሳይሞላ ስሕተቱ ሦስት እጥፍ ሆኗል፤ ስሕተት በርቀቱ ካሬ ያድጋልና። በተቃራኒው ርቀቱን በግማሽ መቀነስ ስሕተቱን ወደ ሩብ ያወርደዋል። ጥሩ የማፕ ሠሪ ይህን ስለሚያውቅ ነጥቦቹን በእኩል ርቀት አይረጫቸውም። ነገሩ በሚታጠፍበት፣ ለምሳሌ ሞተሩ ከሥራ ፈት ዙር ሲነሳ ወይም ቱርቦው መንፋት ሲጀምር፣ ያቀራርባቸዋል፤ ነገሩ ቀጥ ባለበት ያራርቃቸዋል። አሥራ ስድስቱን ነጥብ የት እንደሚያስቀምጥ በማየት የማፕ ሠሪን ችሎታ መለየት ይቻላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የሰንጠረዡ ዳር ነው። ሁለት የተለኩ ነጥቦች ካሉ በመካከላቸው የሚገኘው ግምት ዋስ አለው። ከመጨረሻው ነጥብ ወዲያ ግን ዋስ የለም። ብዙ ኢሲዩዎች እዚያ ሲደርሱ መስመሩን አያስቀጥሉም፤ የመጨረሻውን ቁጥር ይዘው ይቆማሉ። ሰንጠረዡ 700 ሚሊባር ላይ ካለቀ፣ 683 ላይ ያለው ዋሻ እንደ 700 ይቆጠራል። አየሩ መሳሳቱን ይቀጥላል፤ እርማቱ ግን ቆሟል።

የነጥቦቹ ዳር የት ነው የሚለው ጥያቄ ለእኛ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። አውሮፓ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አውቶሞቢሎችን መንገድ ላይ የምትፈትሽበት የጭስ ሕግ የከፍታ ጣሪያው፣ የተራዘመ የሚባለው ሁኔታ ተጨምሮበት፣ 1,300 ሜትር ነው። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ናት። እኛ ቆላ የምንላት፣ ሾፌሩ ሹራቡን አውልቆ የሚገባባት ከተማ፣ ለአውሮፓው ሕግ የከፍታ የመጨረሻ ጫፍ ናት። ለከባድ መኪናዎች ያለው የዩሮ 6 ፍተሻም የአየር ግፊቱ ቢያንስ 825 ሚሊባር እንዲሆን ይጠይቃል፤ ይህም ከ1,700 ሜትር አይርቅም። ቻይና ደጋ ስላላት በብሔራዊ ስድስተኛ ደንቧ ጣሪያውን 2,400 ሜትር አድርሳዋለች፤ አዲስ አበባ በዚያ ውስጥ ለጥቂት ትገባለች፣ ደብረ ብርሃን አትገባም፣ ጣርማ በር ከሁሉም ውጭ ነው።

ፍትሐዊ ልሁን። ሕጉ እዚያ ቆመ ማለት አምራቹ ከዚያ በላይ አልለካም ማለት አይደለም። ታላላቅ አምራቾች መኪናቸውን በስፔኗ ሴራ ኔቫዳ፣ በኮሎራዶ ተራሮች፣ በቻይና ቺንግሃይ አምባ ይፈትናሉ። ሆኖም ሕግ በሚጠይቅበት ከፍታ የሚደረገው ልኬት ጭስን ለመቀነስ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚደረገው በአብዛኛው ሞተሩ እንዳይሰበር ነው። ደብረ ሲና ላይ መንገድ ዳር ቆሞ ያንን ጭስ ለሚተነፍስ ልጅ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ኢትዮጵያ የደጋ አገር ናት። በሌሎች ዳር የሆነው ከፍታ ለእኛ መሀል ነው፤ ወደ አገራችን የሚገባ ሞተር በእኛ ከፍታ የተለካ ነጥብ እንዲኖረው መጠየቅ መብታችን ይመስለኛል።

ሰንጠረዡ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን የሚገባበት ቁጥር ውሸት ከሆነ ስሌቱም ውሸት ነው። በብዙ መኪናዎች የአየር ግፊት ሴንሰሩ ኢሲዩው ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። አንዳንድ የቤንዚን መኪናዎች ደግሞ ለውጩ አየር ግፊት የተለየ ሴንሰር ስለሌላቸው፣ ቁልፉ ሲከፈት ሞተሩ ሳይነሳ የመግቢያውን ግፊት አንብበው ያንን የቀኑ አየር አድርገው ይይዙታል፤ በኋላ የሚያድሱት ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ነው። እንዲህ ያለች መኪና ሸዋ ሮቢት ላይ ተነስታ በቀስታ ከተነዳች ዋሻው ድረስ የቆላውን ቁጥር ይዛ ልትወጣ ትችላለች። «አጥፍተህ አስነሳት» የሚለው የሾፌሮች ምክር በእነዚህ መኪናዎች ላይ እውነተኛ ምክንያት አለው።

ለመካኒኮች አንድ ቀላል ፈተና አለ። ስካነሩን ሰክቶ፣ ቁልፉን ከፍቶ ሞተሩን ሳያስነሱ የአየር ግፊቱን ማንበብ። ሸዋ ሮቢት ላይ 87 ኪሎ ፓስካል አካባቢ፣ አዲስ አበባ ላይ 76 ወይም 77፣ ደብረ ብርሃን ላይ 72 ገደማ መሆን አለበት። ደብረ ብርሃን ላይ 100 የሚል መኪና ሴንሰሩ ተበላሽቷል፤ ወይም ኢሲዩው ሴንሰሩን ትቶ የባሕር ዳርቻ ግምት ይዟል። ለእንዲህ ያለ መኪና ኢንጀክተር መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

በዚሁ አጋጣሚ «ጉልበት እንጨምርልሃለን» ብለው ማፕ ስለሚቀይሩ ሰዎች ልናገር። ሥራው በራሱ ነውር የለውም፤ በጥንቃቄ የሚሠሩትም አሉ። አደጋው የናፍታውንና የቱርቦውን ማፕ በአንድ ዓይነት ፐርሰንት ከዳር እስከ ዳር ከፍ ማድረግ ላይ ነው። በዝቅተኛ አገር የተሞከረ ፋይል የከፍታውን እርማት አብሮ ካነሳ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ደስ የሚል መኪና ጣርማ በር ላይ ቱርቦውን ይበላል። የመሀል ስሌቱ የተሰጡትን ነጥቦች አይጠራጠርም፤ በሁለት ስሕተቶች መካከልም በታማኝነት ቀጥታ መስመር ያሰምራል።

ቁልቁለቱም የራሱ ማፕ አለው። መኪናው ከዋሻው ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ በማርሽ እንዳለ ሾፌሩ እግሩን ካነሳ፣ ኢሲዩው ናፍታውን ጨርሶ ይዘጋል። ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፤ ሞተሩም መኪናውን ይይዛል። ዙሩ ወደ ሥራ ፈት ሲጠጋ ናፍታው ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ ያ መመለስ ድንገተኛ እንዳይሆን እዚያ ያሉት ነጥቦች የተቀራረቡ ናቸው። ማርሽ አውጥቶ በፍሪ የሚወርድ ሾፌር ናፍታ የቆጠበ ይመስለዋል። በእርግጥ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍታ መጠጣቱን ይቀጥላል፣ የሞተሩ መያዣ ይጠፋል፣ ጠቅላላው ክብደት ፍሬን ላይ ይወድቃል። በዚህ ቁልቁለት የጋለ ፍሬን ምን እንደሚያስከትል የመንገዱ ሰዎች ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ካስታወቀ ወዲህ በዚህ መንገድ የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ይታያሉ። ሞተራቸው አየር ስለማይስብ ጣርማ በር አያስጨንቃቸውም። ማፕ ግን እነሱም አላቸው፤ ለሚፈለገው ጉልበትና ፍጥነት ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚለቀቅ፣ ባትሪው በየሙቀቱና በየሙላቱ ምን ያህል መልሶ እንደሚቀበል በሰንጠረዥ ተቀምጧል፤ በመካከሉም ያው ስሌት አለ። 1,700 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከዋሻው እስከ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ወደ 8.9 ኪሎዋት ሰዓት ኃይል ይለቃል። ዋሻው አፍ ላይ ባትሪው ገና ሙሉ የሆነ መኪና ግን የሚመልስበት ቦታ ስለማይኖረው ያንን ኃይል እንደ ድሮው በፍሬን ያቃጥለዋል።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከዚህ ዳገት በአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ነው። በ50 ኪሎ ሜትር ውስጥ የ1,900 ሜትር የከፍታ ልዩነት የሚገኝበት የአስፋልት መንገድ በየአገሩ አይገኝም፤ አምራቾች ለዚህ ሲሉ ውቅያኖስ ያቋርጣሉ። አንድ ስካነር፣ አንድ የጭስ መለኪያ፣ አንድ የተጫነ አይሱዙ ይበቃል። ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ በየ200 ሜትር ከፍታው የአየር ግፊቱን፣ የአየሩን ሙቀት፣ የቱርቦውን ግፊት፣ የተረጨውን ናፍታና ጭሱን መመዝገብ፤ ያንኑ በክረምትና በበጋ፣ በባዶና በጭነት መድገም። አሥር ነጥብ ይወጣል። ለአንድ ሰንጠረዥ አሥር ነጥብ በቂ ነው።